የአንጀት ዘበኞች

ነርሷ ሰዓዲያ ድንበር ማዶ፣ መፋዛ ከተማ አጠገብ ወዳለው የሰሊጥ እርሻ የሄደችው ለአንድ ጉዳይ ነበር፤ ትራክተሩ በየማለዳው ከከተማ የሚያመጣው በርሜል ንጹህ ውሃ እንዳይቋረጥ። የእርሻው ወኪል ዳምጤ ግን ትራክተሩን ለነዶ ማመላለሻ ፈልጎታል።

«ራሃድን የሚያህል ወንዝ አጠገባቸው እያለ» አለ። «የሳሉግ አንጀት ሳምንት ከጠጣ ይለምዳል። እኛስ እንዴት ኖርን?»

ከጎንደር ለአጨዳ ሥራ የመጡት ሳሉጎች ማጭዳቸውን እንደያዙ ያዳምጣሉ።

ሰዓዲያ ገዳሪፍ ነርስነት ስትማር ከሁሉ የወደደችው ይህን ትምህርት ነበርና ስህተቱን ማለፍ አልሆነላትም።

«በመልመድ ብቻ አይደለም፣ ጋሽ ዳምጤ። አብረውን የሚወለዱ፣ ሊምፎይድ የሚባሉ በሽታ ተከላካይ ሴሎች አሉ። ሌሎቹ ተከላካዮች ጠላታቸውን እስኪለዩ ቀናት ይፈጅባቸዋል። እነዚህ ግን አንጀት ግድግዳ ውስጥ ሆነው ይጠብቃሉ፤ አደጋ ሲሰማቸው በሰዓታት ውስጥ ግድግዳውን ያስጠግናሉ።»

«አዲስ መጪውም አለው?»

«ሁሉም ሰው አለው።»

ዳምጤ ወደ አጫጆቹ ዞረ። «ሰማችሁ? ዘበኛ ይዛችሁ ነው የተወለዳችሁ። በርሜል ምን ያደርግላችኋል?»

ሳቁ። እሷ «ሲበዛባቸው ግን ይሸነፋሉ» ብላ ነበር፤ ማንም አልሰማትም።

በማግስቱ ትራክተሩ ነዶ ጫነ።

በአምስተኛው ቀን ተጠርታ ስትደርስ ቴዎ የሚባለው አጫጅ ዳስ ሥር ተጋድሟል። ከትናንት ጀምሮ የሩዝ ውሃ የመሰለ ተቅማጥ አጣድፎታል። ክንዱን ብትቆነጥጠው ቆዳው ተጨምድዶ ቀረ።

«ለምን ትናንት አልጠራችሁኝም?»

«ቆዩ ያልኩ እኔ ነኝ» አለ ቴዎ። «ዘበኞቹ በሰዓታት ይደርሳሉ ብለሽ የለ፣ እህቴ።»

ጉሉኮስ ልትሰካለት ደም ሥሩን ስትፈልግ ሞተ።

ከቀብር መልስ ወንዙ ዳር አጫጆቹ ፊት ቆመች። «ስህተቱ የኔ ነው። ዘበኛ አለ ማለት ውሃው አይገድልም ማለት አይደለም። በርሜሉ እስኪመለስ የወንዙን ውሃ ሳታፈሉ አትጠጡ።»

«የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ» አለ ዳምጤ፣ ነዶ እያስጫነ። «ያን ቀን አሉ ያልሽውን ዛሬ የሉም ትያለሽ?»

«አሉ። ግን—»

«አሉ ካልሽ በቃ።»

ከቴዎ ጋር ድንበር የተሻገረው ያገሩ ልጅ አዛናው ጣሳውን አነሳ። «ተይን እስቲ፣ ሐኪሟ። ማጨድ ትተን ውሃ ስናፈላ ልንውል ነው? የሱ ዘበኞች ሰነፎች ነበሩ። እሱም ከልጅነቱ ልፍስፍስ ነበር።»

የሳቀም፣ የተቆጣም አልነበረም። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ነገሩ እንዲያ እንዲሆን ፈልገዋል። አዛናው ጣሳውን ወንዙ ውስጥ ነክሮ፣ ዓይን ዓይኗን እያየ ጨለጠው፤ ከዚያም ለሚቀጥለው ሰው አቀበለ።