አሳዳጊ አትበለኝ

ድርቤ ፊደል አልቆጠረችም ቢሏት ቅር አይላትም፤ ሞኝ ናት ካሏት ግን ነገር ይመጣል። ልጇ መምህር ሞሲሳ የሕይወቱን ታሪክ ጽፎ ሊያሳትም መሆኑን ከሰው አፍ ስትሰማ፣ «ማተሚያ ቤት ከመግባቱ በፊት እዚሁ ይነበባል» አለች። በከኒሳ ቀሴ ሰፈር ባለው ግቢዋ ከጎረቤቷ ከአስካለ ጋር በርበሬ እየቀነጠሰች ነበር።

ሞሲሳ ጉሮሮውን ጠርጎ ጀመረ። «አሳዳጊዬ ወይዘሮ ድርቤ...»

«ማን?»

«አንቺ ነሻ፣ ሃርሜ» አለ፤ በኦሮምኛ «እናቴ» ማለቱ ነው።

«አሳዳጊ? በግ ነህ እንዴ? የሚያሳድጉት በግ ነው!»

አስካለ ስትስቅ በርበሬው አፍንጫዋ ገብቶ አስነጠሳት። ድርቤ ግን አልሳቀችም። ሕፃኑን ከአንገር ጉቲን ሰፈራ ስታመጣው፣ በጉዲፈቻ ወግ ሽማግሌ ፊት «ከማህፀኔ የወጣ ነው» ብላ ምላለች። ከዚያ ወዲህ አገር ሁሉ ያውቃል፤ አገር ሁሉ ዝም ይላል። በጉዲፈቻ የመጣን ልጅ «ያንቺ አይደለም» ማለት ነውር ነው። ዛሬ ነውሩን ያመጣው ራሱ ልጁ ሆነ፤ ያውም በመጽሐፍ።

«ሰርዘው» አለችው።

«ክፍሌ ውስጥ ከጊዳ አያና ተፈናቅለው የመጡ ልጆች አሉ» አለ ሞሲሳ በቀስታ። «በሰው ቤት የሚያድሩ፣ ‹የማን ልጅ ነህ› ሲባሉ አንገታቸውን የሚደፉ። እኔ በእነሱ ዕድሜ እንደኔ ያለ ሰው የጻፈውን ባነብ ኖሮ ብቻዬን ነኝ አልልም ነበር።»

«ብቻህን ነበርክ? እኔ ቤት?»

ሞሲሳ ወረቀቱን ገለበጠ።

«ተይው ያንብብ እስኪ፣ ድርቤ» አለች አስካለ። «በርበሬሽን ብዬ የመጣሁ መሰለሽ?»

ሞሲሳ ቀጠለ። «ወላጅ እናቴ በወባ ሞተች። ስሟን የሚያውቅ የለም።»

የድርቤ እጅ በርበሬው ላይ ቆመ። ስሟን የሚያውቅ አለ። ከተናገረች ግን መሐላው ምን ሊሆን ነው? ነገ ልጁ መቃብር ፍለጋ ጉቲን ይወርዳል፤ «እናቴ» የሚላትም ሌላ ትሆናለች። ዝም ካለች ደግሞ ያቺ ሴት ስም የለሽ ሆና ልትታተም ነው። እሷን የመሰለች ሴት!

«ሸዋጌጥ» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ሸዋጌጥ ነው ስሟ። ጻፍ እንጂ፣ ምን ታፈጥብኛለህ! ከወሎ የመጣች ናት። የተዋወቅነው ገበያ ላይ ማሽላ ስትሰፍርልኝ ጣሳውን አጉድላብኝ ነው። ሌባ አልኳት። ‹አንቺ ድልብ፣ ሙሉ ጣሳ ምን ያደርግልሻል!› አለችኝ። ከዚያ ወዲያ ከሌላ ሰው ማሽላ ገዝቼ አላውቅም። ስትታመም አንተን እቅፌ ውስጥ አስቀመጠችና፣ ‹ይኼን እንኳ አላጎደልኩብሽም› አለች።»

ሞሲሳ አቀርቅሮ ጻፈ። ሲጨርስም ቀና አላለም።

«አንቺንስ ምን ብዬ ልጻፍሽ?»

«እኔ እንጃ። የተማርከው አንተ ነህ። መጀመሪያ ግን አሁን ያልኩትን አንብብልኝ።»

አነበበላት። «አንቺ ድልብ» የሚለው ጋ ሲደርስ ድርቤ ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ ያኔ ገበያ ላይ እንኳን ልትስቅ፣ ጣሳውን ልትወረውርባት ነበር። «ድገመው» አለችው። ሲደግመው ሴትዮዋ አጠገቧ የቆመች ይመስል አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች።

«በል አሁን አሳዳጊ ያልክበት ተመለስ» አለች። «‹እናቴ ሸዋጌጥ ለእናቴ ለድርቤ ሰጠችኝ› በል። ለልጆቹም እንደዚያው አንብብላቸው።»