ሰውየሽ እንዴት አደረ?

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ሲሆን ስልኬ ይጠራል። ደዋዩ ሐጂ አብዱልሃዲ ናቸው፤ ባሌ ፋሂም ከጅማ አጋሮ የሚነዳት ሚኒባስ ባለቤት። ቁልፉን ከመስጠታቸው በፊት የሚጠይቁት እሱን አይደለም፣ እኔን ነው። «ሹፌር ይዋሻል፣ የልጅ እናት ግን አትዋሽም» ባይ ናቸው፤ አላህ ይስጣቸው!

«ያ ሳቢሃ፣ ሰውየሽ እንዴት አደረ?»

«አልሃምዱሊላህ ሐጂ፣ ደህና አድሯል።»

ሦስት ዓመት ሙሉ አፌን ሞልቼ እንዲህ እላለሁ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! ፋሂም ከሰዓት በኋላ ጫቱን ይቅማል፤ ሲመሽ ምርቃናውን የሚሰብርበት አረቄ ካላገኘ ቤቱ አይበቃውም። አረቄ ቤት ገብቶ የሰፈራችን የጊንጆ ጉዱሩ ሰው ሁሉ ከሚያየው ብዬ፣ እኔው ከአረቄ ሻጯ ከሸዋረገጥ ቤት በዘይት ጠርሙስ አስቀድቼ፣ በሂጃቤ ሸፍኜ አመጣለታለሁ። ያየኝ ሰው ዘይት ይመስለዋል። ጠዋት ደግሞ እጁ ይንቀጠቀጣል። ከተረፈው አንድ ሲኒ በእጄ አጠጣዋለሁ፣ መንቀጥቀጡ ይተወዋል፣ ሎሚ አስመጥጠዋለሁ፣ ከዚያ ስልኩ ይጠራል። አስተግፊሩላህ። ገመና መሸፈን የሚስት ወግ ነው ብዬ ነበር።

ባለፈው ወር ጎረቤቴ ዘይቡ ከአጋሮ ስትመለስ ደጃፌ ላይ ቆመች። «አንቺ፣ ባልሽ መሪ ላይ እንቅልፍ ወስዶት ገደል አፋፍ ደረስን! ጮኸን ነው የቀሰቀስነው» አለችኝ። ሰደብኳት። ነገር ማጋነን ትወጃለሽ አልኳት። በሩን ከዘጋሁ በኋላ ግን መሬት ላይ ተቀመጥኩ።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሱስ የያዛቸውን የምታማክር ሔራን የምትባል ልጅ እግር ሴት አለች ብለውኝ ነው። እኔ የሄድኩት ግን ለምክር አይደለም፤ እሱ ሳያውቅ ወጡ ውስጥ ጠብ የማደርግለት መድኃኒት ፈልጌ ነው።

«እንዲህ ያለ መድኃኒት የለንም» አለች። «ይልቅ እህቴ፣ የትናንት ውሎሽን ንገሪኝ።»

ነገርኳት፤ ጠርሙሱን፣ ሲኒውን፣ ስልኩን። ስጨርስ፣ «ከነገርሽኝ ውስጥ ፋሂም ራሱ ያደረገው የቱን ነው?» አለችኝ።

ደሜ ፈላ። «እንዴ! የታመመው እሱ፣ የምጠየቀው እኔ? የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ!»

አልተቆጣችም። «እሱ መጠጡን አልለቅ ብሏል፣ አንቺ ደግሞ እሱን አልለቅ ብለሻል። ሁለታችሁም ታማችኋል» አለች። አረቄውን በድንገት እንዳልከለክለው ነገረችኝ፤ ሰውነቱ ስለለመደው ሊጥለው ይችላል፣ ሐኪም እያየው ነው የሚተወው። «ውሸቱን ግን ዛሬውኑ መተው ትችያለሽ።»

እሺ አልኩ። ሦስት ጊዜ ተመላለስኩ፣ ሦስቱንም ጊዜ እሺ አልኩ፣ ስልኩ ሲጠራ ያው «ደህና አድሯል»። ብናገር ሥራውን ያጣል፣ ይጠላኛል፣ ጥሎኝ ይሄዳል። ይህ ፍርሃት ከገደሉ ይበልጥብኝ ነበር። ገደሉን እኔ አላየውማ!

ዛሬ ጠዋት ነው ነገሩ የመጣው። ትምህርት ስለተዘጋ ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጄ ሂንድ አጋሮ አክስቷ ጋ ልትሄድ ተነሥታለች። «አባቴ ጋቢናውን ይዞልኛል!» እያለች ትዘላለች። ፋሂም ሲኒውን ከእጄ ጠጣ። መንቀጥቀጡ አልቆመም። ሁለተኛ ሲኒ ጠጣ። ዓይኑ ቀልቷል፤ የሸሚዙን ቁልፍ እኔ ቆለፍኩለት።

«ሂንድ አትሄድም» አልኩ።

«ለምን?»

«ትኩሳት ይዟታል፣ አታይም?»

ልጅቷ አፏን ከፍታ አየችኝ፤ ግንባሯ ቀዝቃዛ ነው። ፋሂም ትከሻውን ነቅንቆ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ስልኩ ጠራ።

«ያ ሳቢሃ፣ ሰውየሽ እንዴት አደረ?»

«አልሃምዱሊላህ ሐጂ፣ ደህና አድሯል።»

ሂንድ እያለቀሰች ልብሷን ከቦርሳዋ ታወጣለች። «ምንም አላመመኝም! ለምንድን ነው ከአባቴ ጋር የማልሄደው?»

ምን ልበላት? የራሴን ልጅ ከመኪናው አወረድኩ፣ የሰውን ልጅ ግን በገዛ አፌ አሳፈርኩ። ያኔ የያዘኝ ፍርሃት ሌላ ነው። ሐጂ ጋ ደወልኩ፤ አያነሱም። ደግሜ ደወልኩ። የፋሂም ስልክ ዝግ ነው። ሂንድን ዘይቡ ጋ ትቼ ባጃጅ ውስጥ ዘለልኩ።

«መናኸሪያ! ማሎ፣ እባክህ ወንድሜ፣ ቶሎ በል!»

«ምነው እህቴ፣ ልትወልጂ ነው እንዴ?» አለ ባለባጃጁ እየሳቀ። ፊቴን በመስታወት ሲያየው ሳቁን ተወ።

የጅማው መርካቶ ላይ እህል የጫነ ጋሪ መንገዱን ዘግቶታል። ሚኒባስ የሚወጣው ሲሞላ ነው፤ በገበያ ቀን ደግሞ ለመሙላት ጊዜ አይፈጅበትም። ያ ረቢ፣ አንድ ሰው ይጉደልበት፣ አንድ ሰው ብቻ! እያልኩ የባጃጁን ብረት ጨበጥኩ።

ስደርስ ሞተሩ ተነሥቷል፣ በሩ ተዘግቷል፣ ፋሂም መሪውን ይዟል። ለሂንድ በተያዘው ቦታ ላይ ሌላ ልጅ ተቀምጣለች፤ ጠጉሯን ተሠርታ፣ ቦርሳዋን ታቅፋ። እጇን አውለበለበችልኝ።

መኪናው ፊት ቆምኩ። ሐጂ ከዘራቸውን እየተመረኮዙ መጡ። «ሳቢሃ! ምን ሆነሻል?»

«ዋሽቼዎታለሁ ሐጂ። ዛሬም፣ ሦስት ዓመትም። ደህና አላደረም፤ ጠጥቷል። ያጠጣሁትም እኔ ነኝ።»

ተሳፋሪው፣ ተራ አስከባሪው፣ ቆሎ ሻጯ ሁሉ ሰማ። ፋሂም ወረደ። እንዲህ አይቶኝ አያውቅም። ይመታኛል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። አልመታኝም።

«ፋሂም፣ እውነቷን ነው?» አሉ ሐጂ።

እኔን አየኝ። እንደ ወትሮው እንድመልስለት ይጠብቃል። መልሱም ምላሴ ላይ ነበር፤ ጉንፋን ነው፣ እንቅልፍ አጥቶ ነው፣ እኔ ተናድጄ ነው። ምላሴን ነከስኩት። ዝም ማለት እንዲህ ያስፈራል? ወላሂ፣ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

ልጅቷ በመስኮት ታየናለች። ፋሂም እሷን አየ፣ ከዚያ እጆቹን አየ።

«ሐጂ» አለ፣ «ደህና አላደርኩም።»

ተመልሶ ሞተሩን አጠፋ። ቁልፉን ለሐጂ ሲዘረጋ ከእጁ አመለጠውና መሬት ወደቀ። ላነሣለት ጎንበስ አልኩ፤ ከዚያ ቀና አልኩ። ፋሂም ሁለት ጊዜ ሳተው፣ በሦስተኛው ራሱ አነሣው።

«ሔራን የምትባል አማካሪ ጋ ልሄድ ነው» አልኩት። «ሐኪም ቤት። ባጃጁ ቆሟል።»

ይምጣ አይምጣ አላውቅም። ባጃጁ ውስጥ ገባሁ፣ ወደ ጥግ ተጠጋሁ፣ ለአንድ ሰው ቦታ ተውኩ። ዞሬ አላየሁም።