ከጋቢ የተሰፋው ጓንት

የኬላው ጠባቂ ሰጠኝ ካርቶኑን በዱላው ጫፍ ወደ እሷ ገፋ አድርጎ፣ እሱ ወደ ኋላው ሸሸ።

"እንግዲህ ጓድ ሰብለ ወንጌል፣ እንግዶችዎ መጥተዋል" አለ። "እኔ ፈንጂ ልቀም ቢሉኝ እለቅማለሁ። ከነዚህ ጋር ግን አልተዋወቅም፣ መተዋወቅም አልፈልግ።"

የአዘዞ ኬላ ፈታሾች የመንገደኛ ሻንጣ በሚዘረግፉበት የቆርቆሮ ጠረጴዛ ላይ ካርቶኑ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል። ውስጡ አፋቸው በሲባጎ የታሰረ የአቡጀዲ ከረጢቶች ተደርድረዋል። አንዱ ቀስ ብሎ ያብጥና ቀስ ብሎ ይሟሽሻል። በሌላው ላይ የአንዲት ትንሽ እግር ቅርጽ ከውስጥ ብቅ ይልና ጨርቁን እንደጨበጠ ይቀራል። እስስቶች ናቸው።

ባለ ካርቶኑ ነጋዴ አያ አንዳርጋቸው ጥግ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሰዓቱን ያያል። ከአጥሩ ማዶ ወደ አዲስ አበባ የሚበረው አውሮፕላን ጭነት እየጫነ ነው። ሰብለ ወንጌል ማኅተሟን ከመታችለት ካርቶኑ ዛሬውኑ አዲስ አበባ፣ ከዚያም ባሕር ማዶ ይሻገራል። አንዴ ከተሻገረ ደግሞ መላሽ የለውም።

ዘመኑ ሰማንያ ሁለት ነው። ጦሩ በኬላው መንገድ ይወርዳል፣ ቁስለኛው ይወጣል፤ በዚህ ሁሉ መሐል ስለ እስስት የሚጨነቅ ሰው መኖሩ ለብዙው ሰው የሚያስቅ ነገር ነበር። እሷ ግን የዱር አራዊት ባለሙያ ናት፤ ሥራዋ ነው። አገሪቱ የዱር አራዊት ንግድን የሚገድበውን የዓለም ውል ከፈረመች ወዲህ፣ እሷና ዳኛው የሚባለው ባልደረባዋ አዲስ አበባ ተጠርተው ተምረው መጥተዋል። የተማሩት ሲነገር ቀላል ነው፤ የቆላው እስስት በፈቃድ ይሸጣል፣ በሰሜን ተራሮች በአስታ ዛፍ ላይ የሚኖረው ትንሹ የደጋ እስስት ግን ከአገር አይወጣም። ጣጣው ሁለቱን መለየቱ ላይ ነው። ቀለም አይረዳም። ጨለማ ከረጢት ውስጥ የዋለ፣ የበረደውና የፈራ እስስት ከቆላም ይምጣ ከደጋ ያው እንደ ከሰል ይጠቁራል። አስተማሪያቸው ቀለሙን አትመኑት፣ በእጃችሁ ዳብሱት እያለ ነበር ያስተማራቸው።

እጅ። የሰብለ ወንጌል ጭንቅ እሱ ነው።

እርጉዝ ናት፤ ሆዷ ገፍቷል። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ አርግዛ ሁለቱም ጊዜ ወርዶባታል። ሁለተኛው የወረደ ሰሞን የባሏ እናት እማማ እናኑ ከእሷ ብሰው አልቅሰዋል። እሳቸው በተወለዱበት በዳባት ገጠር፣ ነፍሰ ጡር እስስት ነካች ማለት ጽንሷን በገዛ እጇ አወረደች ማለት ነው። ሰብለ ወንጌል ይህን አታምንም። ነገር ግን ሁለት ጊዜ ባዶ እቅፍ ይዞ ከሆስፒታል የተመለሰ ሰው የሚያምነውንና የሚፈራውን እንዲህ በቀላሉ ለይቶ አያስቀምጥም።

በመጨረሻ የተስማሙት በጓንት ነው። እማማ እናኑ አሮጌ ጋቢያቸውን ቀደው፣ ደራርበው፣ ወፍራም ጓንት ሰፉላት። እጅሽ ገላዋን ካላገኘ ነካሽ አይባልም፣ ባዶ እጅሽን ግን እንዳታስጠጊ አሏት፤ ቃሏንም ተቀበሉ። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከበር ላይ ጓንቱን ራሳቸው ተቀብለው በአመድ አሽተው ያጥቡታል።

አሁንም ጓንቱን ከቦርሳዋ አውጥታ አጠለቀች።

"ሸጋ ጓንት ነው" አለ አያ አንዳርጋቸው ከአግዳሚው ሳይነሳ። "የእትዬ እናኑ እጅ ሥራ አይደል? በማኅበር ቀን አጫውተውናል። የምራቴ ነገር ብለው ስንቱን ነገሩን። እግዜር በሰላም ይገላግልሽ ልጄ።"

"አሜን" አለች፤ ምርቃቱ ግን እንደ ብርድ ወረራት።

የመጀመሪያውን ከረጢት ፈታች። ትልቅ፣ አፉን ከፍቶ የሚቆጣ፣ በተረከዙ ላይ እሾህ መሰል ነገር ያለው የቆላ እስስት ነው። ፈቃዱ ላይ ካለው ጋር ይገጥማል። ሁለተኛውም እንዲሁ፤ ከላይ ያሉት ሁሉ እንዲሁ። ከሥር የተደረደሩት ግን ቀለል ያሉ ነበሩ። አንዱን ፈትታ ያወጣቻት እስስት ከመዳፏ አታልፍም። የሰብለ ወንጌልን ባለ ጓንት ግራ እጅ በእግሮቿ ቆንጥጣ ያዘች፤ ጅራቷን በአውራ ጣቷ ላይ ጠመጠመች። ወደ ዛፍ የመጣች መስሏት ይሆናል።

"ይቺስ?" አለች ሰብለ ወንጌል።

"ግልገል ናት" አለ ነጋዴው። "ያው የዛሪማ ቆላ ናቸው ሁሉም። እናትም ይያዛል፣ ግልገልም ይያዛል።"

"ሆዷ ተነፍቷል።"

"ጠግባ ነዋ። ለመንገድ ብዬ አንበጣ አብልቼያታለሁ።"

እውነት ሊሆን ይችላል። የቆላው ግልገልና የደጋው ትልቅ በቁመት እኩል ናቸው፤ የተረከዙ እሾህ ደግሞ በግልገል ላይ ገና አይታይም። የሚለየው ሆዷ ነው። ሰብለ ወንጌል በቀኝ እጇ ጣት ቀስ ብላ ተጫነችው። ጓንቱ ወፍራም ነው፤ ጋቢ ነው የዳበሰችው። ደግማ ሞከረች። አሁንም ጋቢ።

ከአጥሩ ማዶ የአውሮፕላኑ ሞተር ተነሳ።

"ዳኛው ቢሆን ይህን ጊዜ ሸኝቶኝ ነበር" አለ አያ አንዳርጋቸው ተነሥቶ ሱሪውን እያራገፈ።

"ዳኛው ደባርቅ እንደሄደ ያውቁ ነበር። ምነው ነገን መጠበቅ አቃተዎ?"

ነጋዴው ፈገግ አለ። ያን ጊዜ ነው የገባት። ሰውዬው ቀኑን መርጦ ነው የመጣው፤ ባዶ እጇን የማታስጠጋ ባለሙያ ብቻዋን የምትውልበትን ቀን።

ቆማ አሰበች። ማኅተሙን ብትመታ የሚከሳት የለም። ግልገል መስለውኝ ነው ብትል ማን ይሟገታታል? ቤቷ ትገባለች፣ እማማ እናኑ ጓንቱን ያጥባሉ፣ ልጇ በሰላም ይወለዳል። ባትመታና ባዶ እጇን ብታስጠጋ፣ ከዚያም አንድ ነገር ቢሆን፣ ጥፋቱ የማን ይባላል? እማማ እናኑ ምንም ባይሏት እንኳ እሷ ራሷ ለራሷ ምን ትላለች? እስስቷ አንደኛውን ዓይኗን ወደ እሷ፣ ሌላኛውን ወደ በሩ አድርጋ ሆዷን ታነሳለች፣ ትጥላለች።

ሰብለ ወንጌል የቀኝ ጓንቷን ጫፍ በጥርሷ ነክሳ አወለቀችው።

"ምነው ጓድ ሰብለ?" አለ ሰጠኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። እሱም እንደ እማማ እናኑ የደጋ ሰው ነው።

ጣቷን ከእስስቷ ሆድ ሥር አሳለፈች። ቆዳዋ ደረቅና ቀዝቃዛ ነው። እንቁላል የያዘች ብትሆን እንደ ሽምብራ ከረጢት ይቆረቁራት ነበር። አንበጣ ቢሆን ዝም ይል ነበር። ጣቷን ሳታነሳ ጠበቀች። ከጣቷ ሥር አንድ ነገር ገልበጥ አለ። ቆየና ከጎኑ ሌላው። ይህን መገላበጥ ለማወቅ አዲስ አበባ ድረስ መሄድ አላስፈለጋትም።

የቆላዋ እንቁላል ትጥላለች። የደጋዋ ግን ብርዱ እንቁላሏን ስለሚያጠፋባት ልጆቿን በሆዷ ይዛ፣ እሷው ፀሐይ እየሞቀች አሙቃ ትወልዳለች። ሌሎቹን ትንንሽ ከረጢቶችም ፈትታ ዳበሰች። እዚያም ያው ነው።

"አያ አንዳርጋቸው፣ እነዚህ ግልገሎች አይደሉም። እናቶች ናቸው" አለች። "ከደጋ ነው የመጡት። አይሄዱም።"

"ሆድ ነካሁ ብለሽ ነው ዕቃዬን የምታስቀሪው?"

"ይምጡና ራስዎ ይዳብሷት።"

እጇን ዘረጋችለት። ነጋዴው አንድ እርምጃ ቀረበና ቆመ። እጁ ከኮት ኪሱ አልወጣም። ይህን ያህል እስስት ሲነግድ አንዲቷን እንኳ ነክቶ አያውቅም፤ የሚይዙለት የቆላ ሰዎች ናቸው። ሰጠኝ ሳቁን በሳል ሸፈነው።

አያ አንዳርጋቸው ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ ተናገረ። "ቅዳሜ ማኅበር አለን። እትዬ እናኑ ይህን ከእኔ አፍ ቢሰሙ ደስ ይልሻል? ማኅተሙን ምቺልኝ፣ እኔም ምንም አላየሁ።"

ሰብለ ወንጌል ማኅተሟን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ዚፑን ዘጋች። አውሮፕላኑ ሲነሣ የኬላው ቆርቆሮ ሁሉ ተንቀጠቀጠ። አያ አንዳርጋቸው የቆላዎቹን እንኳ ሳይወስድ በሩን ወርውሮ ዘግቶ ወጣ።

ከዚያ በኋላ ማን ያሳድራቸው የሚለው መጣ። የኬላው አዛዥ እንኳን ሊያሳድራቸው ሊያያቸውም አልፈለገም። የቢሮው ዘበኛም እንደማይቀበላት ታውቃለች። ብርድ ላይ ብትተዋቸው አይነጋላቸውም፤ ኬላው ላይ ብትተዋቸው ደግሞ ነጋዴው እዚህ ስንት ወዳጅ እንዳለው ከዚህ በፊት አይታለች። ዳኛው ነገ ማኪናውን ይዞ ከደባርቅ ይመለሳል፤ እስከዚያ ያላት አንድ ቤት ብቻ ነው፤ የእማማ እናኑ ቤት።

ሰጠኝ ዱቄት አራግፎ ወደ ከተማ የሚመለስ ማኪና አስቆመላት። ሾፌሩ ካርቶኑ ጋቢና እንደማይገባ አስቀድሞ ስለተናገረ ከኋላ በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልለው አስቀመጡት። ልትሳፈር ስትል ሰጠኝ እጅጌዋን ያዝ አደረጋት።

"ቀኙ ጓንት ነጭ እንደሆነ ነው" አላት። "አምጪው ከረጢቱ ላይ አሽቼ እንደ ግራው ላድርገው። ያ ሰውዬ ቢያወራ እኔ በጓንት ነው የነካችው ብዬ እመሰክራለሁ። በገብርኤል እመሰክራለሁ።"

"አንተን አላስምልህም" አለችው። "ተባረክ።"

መንገዱን ሙሉ ግን ጓንቱን ጭኗ ላይ አድርጋ ስታየው ነበር። ማሸት ምን አላት? የማኪናው ወለል እንደሆነ በአፈር የተሞላ ነው። አንድ ጊዜ እጇ ወረደ፤ ጓንቱ ወለሉን ሊነካ ትንሽ ሲቀረው መልሳ አነሳችው።

ሰፈሯ አውቶ ፓርኮ ስትደርስ የሰዓት እላፊው ስለቀረበ ሰው ሁሉ ይሮጣል። እማማ እናኑ ግቢው ውስጥ፣ ልጃቸው ላቀው፣ የሰብለ ወንጌል ባል፣ በተወለደ ዓመት ከተከሉት የኮክ ዛፍ ሥር ቆመው ይጠብቋታል። ያን ዛፍ እንኳን ሰው ወፍ ሲያርፍበት አይወዱም።

"ምነው ቆየሽ ልጄ? ምንድነው የተሸከምሽው? በይ ጓንቱን አምጪ" ብለው እጃቸውን ዘረጉ።

ካርቶኑን መሬት ላይ አስቀመጠች። የግራውን ሰጠቻቸው። ቀኙንም አስከትላ ሰጠቻቸው። አሮጊቷ ሁለቱን አስተያዩ። አንዱ በእግር ቧጨራ ተቆሳስሎ ጠቁሯል፤ ሌላው ጧት እንደሰጧት ነው።

"ቀኙን አውልቄው ነበር እማማ" አለች። "በባዶ እጄ ነክቻቸዋለሁ።"

እማማ እናኑ ዓይናቸውን ወደ ሆዷ ጣሉ። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ፤ ጸሎት ይሁን ቁጣ አልተሰማም።

"ቃል ሰጥተሽኝ" አሉ።

"ሰጥቼዎታለሁ። በጓንት አይለይም ነበር። አያ አንዳርጋቸው ይህንን ስለሚያውቅ ነው ዛሬን መርጦ የመጣው። በጓንት ብቻ እንደምነካ ሰምቷል።"

"ከማን ሰማ?"

ሰብለ ወንጌል በአሮጊቷ እጅ ያለውን ጓንት አየች። መልሱን መናገር አላስፈለጋትም። እማማ እናኑ በማኅበሩ ቀን ጠላ ይዘው፣ ምራታቸው እንዴት እንደምትሰማቸው፣ ጓንቱን እንዴት እንደሰፉላት ሲያወሩ፣ አያ አንዳርጋቸው ከፊታቸው ተቀምጦ እየደጋገመ ሲጠይቃቸው እንደነበር ትዝ አላቸው። ጓንቱን ጨብጠው ቆሙ።

"ታዲያ ምን ሆነው አገኘሻቸው?" አሉ በመጨረሻ።

"ትንንሾቹ እርጉዞች ናቸው። ልጆቹ በሆዳቸው ይላወሳሉ።" ወደ ካርቶኑ አመለከተች። "ነገ ዳኛው ወደ ደባርቅ ይመልሳቸዋል። እዚህ አይደሩ ካሉኝ ይዣቸው ቢሮው በረንዳ ላይ አድራለሁ። ብርድ ላይ ጥያቸው አልገባም።"

"አንቺ? በዚህ ሆድሽ?" ካርቶኑን ከሩቅ ተመለከቱት። ማዳበሪያው ይንኮሻኮሻል። "እንዲህ ታንቀው ነው የሚያድሩ?"

"አገራቸው ዛፍ ላይ ነው። ቅርንጫፍ ካልጨበጡ አያርፉም።"

እማማ እናኑ ሌላ ቃል ሳይናገሩ ወደ ቤት ገቡ። ሰብለ ወንጌል በሩ ሊዘጋባት ነው ብላ ጠበቀች፤ ካርቶኑን መልሳ ለመሸከም ጎንበስ አለች። እሳቸው ግን ማጭድ ይዘው ወጡ። የኮኩን ዛፍ ዞር ዞር ብለው አዩት፤ ዝቅ ካሉት ቅርንጫፎች አንዱን፣ ቅጠሉ የተትረፈረፈውን መርጠው ቆረጡት። ከዚያ ፊታቸውን ወደ ጎን መልሰው፣ ክንዳቸው የደረሰውን ያህል ዘርግተው፣ ቅርንጫፉን ካርቶኑ ላይ አጋደሙት። ጫፉን ግን ከእጃቸው አልለቀቁትም።

"በይ አንቺ ከረጢቱን ፍቺ" አሉ። "እስኪወጡ እኔ እይዝላቸዋለሁ።"