የማንጎ ሽታ

«ይልቄ! ይልቄዋ! ወዴት ጥለኸን ሄድክ!»

ልጅቷ በሩን አልፋ ሳትገባ ነው የጮኸችው። ጸዳለ ከተቀመጠችበት ፍራሽ ላይ ቀና አለች። ሳሎኑን የሞሉት ለቀስተኞችም ቀና አሉ። የሞርተንሩድ ሰፈር አፓርታማ ግድግዳው ስስ ነውና ከላይ ፎቅ የሚኖሩት ኖርዌዮችም ቀና ሳይሉ አይቀሩም። ጥቁር ካፖርት የለበሰች፣ ገና ሠላሳ ዓመት ቢሞላት ነው የምትባል ሴት ጫማዋን አሽቀንጥራ፣ የሰው እግር እየረገጠች መጣችና ጸዳለ አንገት ላይ ተጠመጠመች።

ይልቄ? ኧረ ማን ናትና ነው ይልቄ የምትለው? ለቅሶ የመጣ ሰው ወንድሜን ይላል፣ ግፋ ቢል ይልቃልን ይላል። ይልቄ የሚለው የዚህ ቤት ስም ነው። ከጸዳለ አፍ ብቻ የሚወጣ፣ ያውም ደስ ሲላት።

ይህን እያሰላሰለች ሽታው መጣ። ከልጅቷ ጸጉር፣ ከካፖርቷ ኮሌታ፣ ጥፍጥ ያለ የበሰለ ማንጎ ሽታ። ጸዳለ የምታውቀው ሽታ ነው። አቅፋ የያዘችው እጇ ልጅቷ ጀርባ ላይ ድርቅ አለ።

«እግዜር ያጥናሽ እህቴ፣ ያጥናሽ» አለች ልጅቷ እየተንሰቀሰቀች።

«አሜን» አለች ጸዳለ። ሌላ ምን ትበል? ለቅሶ ቤት ነው። በሆዷ ግን፣ አገኘሁሽ፣ አለች።

ቅናት መቼም ሰርግ ቤት አይል፣ ለቅሶ ቤት አይል። ሟቹ ገና አልተቀበረም። ፖሊስ ምርመራውን ጨርሶ እስኪሰጣቸው ሰዉ በየቀኑ እየመጣ አብሯት ይቀመጣል። እሷ ታዲያ ባሏን ማልቀስ ሲገባት ምን ስታደርግ ሰነበተች መሰላችሁ? ሴት ስታሸት! ሊያጽናናት የመጣውን ሁሉ ስታቅፍ አፍንጫዋን አንገቱ ሥር ትወሽቃለች። አንዷ ሽንኩርት፣ አንዷ ቅባት፣ አንዷ ዝናብ የመታው ሱፍ ትሸታለች። ሰዉ ደግሞ ሐዘን የጸናባት እየመሰለው «አይዞሽ፣ አይዞሽ» እያለ ይበልጥ ያቅፋታል።

ነገሩ የጀመረው ዓምና በበረዶው ወራት ነው። ይልቃል ብሪን የሚባል ሰፈር ካሉት የቢሮ ሕንጻዎች አንዱን ማታ ማታ ያጸዳ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ሲመለስ ጃኬቱን ተቀብላ ስትሰቅል ማንጎ ማንጎ አላት።

«ምንድን ነው ይሄ የሚሸተው?»

«ማንጎ በልቼ ነው» አላት ጫማውን እየፈታ።

እሱ! ብርቱካን ልጣ ብትሰጠው እንኳ «ኋላ እበላዋለሁ» ብሎ የሚያደርቅ ሰው! ጸዳለ ነገሩን ዋጥ አደረገችው። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ማንጎው እንጆሪ ሆነ፤ ከዚያ ተመልሶ ማንጎ። ሽቶ ትቀያይራለች ማለት ነው፣ አለች ለራሷ፤ ያቺ የማታውቃት ሴት መሆኗ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የኪሱ ነገር የእሷ ሥራ ሆነ። ልብስ ላጥብ ብላ ትበረብራለች። የሴት ጸጉር ትፈልጋለች፣ ደረሰኝ ትፈልጋለች፣ ምን እንደምትፈልግም አታውቅም።

ቡድ የሚሉት ነገር ደግሞ መጣ። ምድር ቤት ለየቤቱ የተሰጠ የዕቃ ማስቀመጫ ክፍል ነው። ይልቃል ከሰዓት ከሰዓት «ዕቃ ላስተካክል» እያለ ይወርዳል። ምን የሚስተካከል ዕቃ አለና! ያለው አንድ የሕጻን አልጋ፣ ሁለት ሻንጣና ጣለው ጣለው ብላ የለመነችው አሮጌ ሶፋ ነው። አንድ ቀን በካልሲዋ ተከትላው ወረደችና ጆሮዋን በሩ ላይ ለጠፈች። በስልክ እያወራ ይስቃል። ምን ዓይነት ሳቅ! ሆዱን ይዞ፣ ትንፋሽ እስኪያጥረው። ላይ ቤት እንዲህ ሲስቅ ሰምታው አታውቅም። ተመልሳ ወጥታ ድስት አጠበች፤ አጥባ ስትጨርስ ያንኑ ድስት እንደገና አጠበችው።

«ሴት አለህ?» አለችው በኋላ፣ እራት ላይ።

«አንቺ እያለሽ!» አለና ፈገግ አለ። ፈገግ! የታችኛውን ሳቅማ ለሌላ ጨርሶታል።

ሌላው ቢቀር በቃሉ የታመነ ሰው እንደሆነ ታውቅ ነበር። አባቷ በሲጋራ ሳል ተይዞ እያየችው ነው ያለቀው፤ ስለዚህ ይልቃል ሊያገባት ሲጠይቅ «ሲጋራህን ተው» አለችው። ንስሐ አባታቸው ፊት ቆሞ ማለ፣ ተወም። ጸዳለ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይህን ያልነገረችው ሴት የለም። የኔ ባል ማለ ማለ ነው!

የሞተ ዕለት እሷ የምትሠራበት ባርነሃገ፣ መዋዕለ ሕጻናቱ ውስጥ፣ ከልጆቹ ጋር ነበረች። ከቡዱ ጢስ ሲወጣ ያየ ጎረቤት የእሳት አደጋ ጠራ። ይልቃል ሶፋው ላይ ተኝቶ፣ ጢስ አፍኖት ተገኘ። ያረዷት የሰበካ ጉባኤው ሽማግሌ ጋሽ ወልደሚካኤል ናቸው። እሷ ራሷን ስታ ስለነበር ከፖሊሶቹ ጋር የተነጋገሩትም እሳቸው ናቸው። «የኤሌክትሪክ ጣጣ ነው ልጄ» አሏት። እሷም አልመረመረችም። የምትፈልገው ሌላ ነገር ነበር፤ ያን ቀን ማንን ሊያወራ ነው የወረደው?

አሁን ይኸው፣ መልሱ ጥቁር ካፖርት ለብሶ ፊት ለፊቷ ተቀምጦ ያለቅሳል።

«ማን ናት?» አለቻት አጠገቧ የተቀመጠችውን የአክስቷን ልጅ፣ ዓለምጸሐይን።

«ናዝሬት ትባላለች። አብራው ነው የምትሠራው አሉ። ምነው?»

«ቆንጆ ናት አይደል?»

«ኧረ በእመብርሃን! በለቅሶ ያበጠ ፊት ምኑ ይታያል?»

«ቆንጆ ናት ማለት ነው።»

«ጸዱዬ፣ ተይ። ሰው ይሰማል።»

ይሄኔ ጋሽ ወልደሚካኤል ገቡ። ወንዶቹ ብድግ ብድግ አሉላቸው። ሽማግሌው ናዝሬትን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ፤ ጎንበስ ብለው በጆሮዋ አንድ ነገር ሹክ አሏት። ልጅቷ እንደ ኖርዌዮቹ ትንፋሿን ወደ ውስጥ ስባ «ያ» አለች፣ እሺ ማለቷ ነው። ጸዳለ ይህን ሁሉ አየች። ሽማግሌው ሳይቀር ያውቃል! ሀገሩ በሙሉ ሲያውቅ እሷ ብቻ ነች ለካ እንደ ዕቃ ተጎልታ ነፍስ ይማር የምትባለው!

ናዝሬት ካፖርቷን ሰብሰብ አድርጋ ወደ በረንዳው ወጣች። ጸዳለም ተነሣች። ባለሐዘን ከፍራሽ ተነሥቶ ለቀስተኛ አይከተልም፤ ዓለምጸሐይ ቀሚሷን ያዝ አደረገቻት። መነጨቀችና ሄደች።

ናዝሬት ጀርባዋን ሰጥታ ቆማለች። ከትከሻዋ በላይ ነጭ፣ ወፍራም ጭስ ቡልቅ አለ። ማንጎ። ጸዳለ በሩን ይዛ ቀረች። ለዓመት ያጠራቀመችው ስድብ በሙሉ ምላሷ ላይ ነበር፤ አንዱም አልወጣ አላት።

«ምንድን ነው እሱ?»

ልጅቷ ደነገጠች። በእጇ የያዘችው አውራ ጣት የሚያህል ጥቁር ነገር ሊወድቅ ነበር። «ውይ፣ ይቅርታ እህቴ፣ አላየሁሽም። ቬፕ ነው። የኤሌክትሪክ ሲጋራ።»

«አምጪው።»

ተቀብላ አፍንጫዋ ላይ አደረገችው። ጃኬቱ ነው። ትራሱ ነው። ዓመቱን ሙሉ ስትጠላት የኖረችው ሴት መዳፏ ላይ ተጋድማለች።

«ይልቃልም ነበረው?»

ናዝሬት በመስተዋቱ አሻግራ ወደ ሳሎኑ አየች። «አትናገሪ ብለውኛል።»

«ማን?»

«ጋሼ።»

«እኔ ሚስቱ ነኝ፤ ተናገሪ!»

ልጅቷ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «እኔ ነኝ ያስለመድኩት። በእረፍት ሰዓት ሌሎቹ ሲያጨሱ አጠገባቸው ቆሞ ጭሳቸውን ይስብ ነበር። አሳዘነኝ። ይሄ ሲጋራ አይደለም፣ መሐላህ አይፈርስም አልኩት። ትምባሆ የሚሸተውን ግን እምቢ አለ። ጸዳለ አፍንጫዋ ስል ነው፣ ታሸተኛለች አለ። ለዚያ ነው ማንጎ ያደረገው።»

ጸዳለ የበረንዳውን ብረት ያዘች። «እሳቱስ?»

«ባትሪው ነው። መለዋወጫ ባትሪ ይይዝ ነበር። ከቁልፍ ጋር አንድ ኪስ አትክተተው፣ ብረት ከነካው ይግላል፣ እሳት ይተፋል ብዬ ስንቴ ነገርኩት! የፕላስቲክ ማስቀመጫም ሰጥቼው ነበር፤ ጣለው።»

«ለምን ይጥለዋል?»

ናዝሬት ፊቷን አዞረች።

«ለምን ጣለው አልኩሽ?»

«ኪሴን ትፈትሻለች አለኝ። ማስቀመጫውን ብታገኘው ምንድን ነው ትለኛለች፤ ባትሪውን ብቻውን ብታገኘው ግን የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው እላታለሁ አለ።»

ብሏታልም። ጸዳለ ሁሉንም አስታወሰች። ከሱሪው ኪስ ያወጣችውን፣ «ይሄስ?» ያለችውን፣ «የእጅ ባትሪ ድንጋይ ነው» ያላትን። የሴት ጸጉር ስትፈልግ የገዛ እጇ ይዞት ነበር። ይዛው መለሰችለት።

በሩ ተከፈተና ጋሽ ወልደሚካኤል ብቅ አሉ። የሁለቱን ፊት ሲያዩ ነገሩ ገባቸው። «ልጄ፣ ብርድ ነው፣ ግቢ» አሉ።

«እውነት ነው ጋሼ? ባትሪው ነው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። «እሳት አደጋዎቹ እንደዚያ ነው የሚሉት። ጃኬቱን ለብሶት ተኝቷል። ኪሱ ነደደ፣ ሶፋው ቀጠለ። እንቅልፍ ጥሎት ጢሱ ነው የቀደመው።»

«ታዲያ ለምን ደበቁኝ?»

«ስሙን ብለን ነው። መሐላውን ሰው ሁሉ ያውቃል፤ አንቺው ነሽ የምትናገሪለት። ሲያጨስ ሞተ ከሚባል…»

«እናንተ ስሙን ስትጠብቁለት እኔ ከሴት ጋር አስተኝቼው ሰነበትኩ!» ጮኸች። ሳሎን ያለው ሁሉ ዞረ። «ሬሳውን! በሐሳቤ ሬሳውን ሴት ቤት ስልከው ሰነበትኩ፣ ጋሼ!»

ጋሽ ወልደሚካኤል አቀረቀሩ። «በድለናል ልጄ» አሉና ተመልሰው ገቡ።

ሁለቱ ሴቶች ብቻቸውን ቀሩ። ከታች ባቡሩ ወደ መጨረሻው ጣቢያ እየገባ ይንሰቀሰቃል። ጸዳለ አልጨረሰችም። አንድ ነገር አሁንም አንጀቷን ያቃጥላታል።

«ቡድ ውስጥ የሚያወራው ካንቺ ጋር ነው?»

«አንዳንዴ።»

«ምን ነበር እንደዚያ የሚያስቀው?»

ናዝሬት አመነታች። «መደበቁ ነው የሚያስቀው። እያጨሰ ይደውልልኛል። በዚህ ዕድሜዬ ሶፋ ላይ ተወሽቄ፣ ሚስቴ ደረሰችብኝ ልበል እያለ እንደ ልጅ ይንከተከታል። ይፈራሽ ነበር።» ቀና ብላ አየቻት። «ይወድሽም ነበር።»

መጀመሪያ የመጣው ግን መፍራቱ ነው። ጸዳለ ሰምታዋለች። ውሽማው ብትሆን ኖሮ ጸጉሯን ይዛ ደረጃውን ታስወርዳት ነበር፤ እንዴት ይቀላት ነበር! ይህችን ልጅ ግን ምን ታድርጋት? አልጋዋን አልነካችባት። የወሰደችው ሳቁን ነው፣ እሱንም ተሰጥቷት ነው። ቀናች። ሬሳው ሳይቀበር፣ ነገሩ ሁሉ ተገልጦላት እንኳ፣ ቆማ ቀናች።

«ልሂድ» አለች ናዝሬት። ቬፑን ተቀብላ ኪሷ ውስጥ ጣለችው። ቅጭል አለ።

«ቆይ» አለች ጸዳለ። «ኪስሽ ውስጥ ምን አለ?»

«ቁልፍ።»

«ሌላስ?»

ናዝሬት አቀረቀረች። ጸዳለ አልጠበቀችም፣ እጇን ሰደደች። ቁልፉ ወጣ፣ ከቁልፉ ጋር ተጠላልፎ ሽፋኑ ጫፉ ላይ የተላጠ ባትሪ ወጣ። ከልጅቷ ሰውነት ሙቀት ለብ ብሏል።

«ማስቀመጫውን ቤት ረስቼው ነው» አለች ናዝሬት በቀጭን ድምፅ። «እሱን እየመከርኩ…»

«ዝም በይ።»

ጸዳለ ከጉያዋ መሀረቧን አወጣች። ስታሸት ነው የሰነበተችው፣ እንባ አልነካውም፤ እንደታጠፈ ነው። ባትሪውን ጠቀለለችበት፣ ቋጠረችው፣ አንድ ጊዜ አልበቃ ብሏት ደገመችና ቋጠሮውን በጥርሷ አጠበቀችው። ቁልፉን በቀኝ ኪሷ፣ መሀረቡን በግራ ኪሷ ከተተችላት።

«ይሄ እዚህ፣ ያ እዚያ። ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

የካፖርቷን ቁልፎች ከታች ጀምራ አንድ በአንድ ቆለፈችላት። አንገቷ ሥር ስትደርስ የምትቆልፈው አለቀ። እጇን አላነሳችም።