የሊንከን መንገድ

ክላይቭ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የጎብኚ አውቶቡስ ነድቷል። አሜሪካኖችን፣ ጃፓኖችን፣ ከየደብሩ የተሰባሰቡ ባልቴቶችን እየጫነ ዮርክም፣ ባዝም፣ ሶልስበሪም አድርሷል። እነሱ ወርደው ወደየካቴድራሉ ማማ ሲያንጋጥጡ እሱ አውቶቡስ ማቆሚያው ውስጥ ወንበሩን ወደኋላ ለጥጦ ያሸልብ ነበር። ሚስቱ ግሌንዳ ያን ሁሉ ዘመን ዶንካስተር ውስጥ ዳቦ ቤት ቆማ ስትሸጥ ኖራለች፤ ከእነዚያ ከተሞች የደረሳት ስማቸው ብቻ ነው።

ሁለቱም ጡረታ ከወጡ በኋላ፣ በአንድ የጸደይ ጠዋት፣ ግሌንዳ ትልቅ ካርታ ገዝታ መጣችና ማእድ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። ቅቤውንና ማርማላታውን ወደ ዳር ገፋች።

"በቃ፣ ተራው የኔ ነው" አለች። "መጀመሪያ ሊንከን፣ ከዚያ ስታምፎርድ፣ ከዚያ ኢሊ። ከዚያ ወደ ምዕራብ እንታጠፍና ባዝ እንገባለን።"

"ባዝ መኪና ማቆሚያ የለውም" አለ ክላይቭ ሻዩን እያማሰለ።

"ሶልስበሪስ?"

"ሩቅ ነው፤ ወገብሽ አይችለውም።"

"የኔን ወገብ ተወው። ስቶንሄንጅ?"

"ድንጋይ ነው፣ ግሌንዳ። ገመድ ታጥሮበታል፣ ውጭ ቆመሽ ነፋስ ሲመታሽ ትውያለሽ። ዮርክ ካማረሽ በባቡር እንሂድ።"

ግሌንዳ መነጽሯን አውልቃ አየችው። "ለጃፓኖቹም እንዲህ ነበር የምትላቸው? ምን ይገርመኛል፣ ጉርሻ ሳይሰጡህ የሚወርዱት ለዚህ ነዋ!"

እሱም አብሯት ሳቀ። ግን የካቲት ላይ አንዲት የዓይን ሐኪም የነገረችውን ለማንም አልተናገረም። የሚያየው ነገር መሀሉ ደብዝዟል። ሰው ፊት ለፊቱ ሲቆም ጆሮውንና አገጩን ያገኛል፣ አፍንጫው ያለበት ቦታ ግን በጣት የታሸ ቀለም ይመስላል። "ከእንግዲህ መኪና መንዳት የለብዎትም" ብላው ነበር ሐኪሟ፣ እጁን ያዝ አድርጋ። ቤት ሲገባ ለግሌንዳ "መነጽር ይቀየር አሉ" አላት። ከዚያ ወዲህ በልምድ ብቻ እየነዳ ገበያ ደርሶ ይመለሳል። ልንገራት እያለ ይነሳል፣ ሳይነግራት ይተኛል። መሸሸግም እንደ ሥራ የሚያደክም መሆኑን ያወቀው ያኔ ነው።

ግሌንዳ ሳምንቱን ሙሉ በካርታው ላይ ስታቅድ ሰነበተች። እሱም ሳምንቱን ሙሉ ከተሞቹን አንድ በአንድ እየነቀሰ ጣለባት። ቅዳሜ ዕለት ካርታውን አጣጠፈችው። አልተቆጣችም፤ ብትቆጣማ ይሻለው ነበር።

"ክላይቭ፣ ከኔ ጋር መሄድ ካልፈለግህ ንገረኝ" አለች። "የዓለምን ሰው ስታዞር ኖረህ እኔ ጋ ስትደርስ የሚደክምህ ከሆነ፣ ልወቀው።"

"ማክሰኞ እንሄዳለን" አለ ሳያስበው።

ማክሰኞ ጠዋት ትልቁን መንገድ ትቶ በጌንስቦሮ በኩል በጓሮ መንገድ ይዟት ሄደ። ግሌንዳ የእንቁላል ሳንድዊች ጭኗ ላይ ይዛ፣ አዲሱን ሰማያዊ ካፖርቷን ለብሳ፣ እንደ ልጅ መስኮት ለመስኮት ታያለች። እሱ መሪውን እንደ ገደል አፋፍ ጨብጦታል። ጀርባው በላብ ርሷል። ከኋላው መኪኖች ተሰልፈው ጥሩምባ ይነፉበታል።

"ምነው እንዲህ ቀስ አልክ?" አለች።

"አገሩን ማየት እፈልጋለሁ ብለሽ የለ?"

ከቶርክሲ መንደር አለፍ ብለው ሜዳው ወለል ሲል ግሌንዳ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "ወይ ጉድ! ካቴድራሉ! እዚህ ድረስ ይታያል! ክላይቭ፣ አየኸው?"

"አየሁት። ያምራል" አለ፣ ፊት ለፊት ወደ አስፋልቱ እንዳፈጠጠ።

"የት ነው የምታየው? በግራ በኩል፣ ኮረብታው ላይ ነው እኮ።"

ዞር አለ። የሜዳውን አረንጓዴ አየ፣ ሰማዩን አየ። በመሀላቸው ምንም የለም።

"አዎ፣ አዎ። ሁለቱ ማማዎች።"

ግሌንዳ ፊቷን ከካቴድራሉ ወደ እሱ መለሰች። "ሦስት ናቸው" አለች በቀስታ። "ክላይቭ፣ ሦስት ናቸው። አቁም።"

የመንገዱ ዳር ላይ አወጣና ሞተሩን አጠፋ። አንድ የጭነት መኪና አጠገባቸው ሲያልፍ መኪናቸው ተወዛወዘች። ያን ጊዜ ሁሉንም ነገራት፤ ሐኪሟን፣ የካቲትን፣ የገበያውን መንገድ። ሲጨርስ ትከሻው ወረደ፣ ድንጋይ ተሸክሞ ቆይቶ እንዳወረደ ሰው።

"ልትገድለን ነበር" አለች ግሌንዳ።

"አዎ።"

"የሰው ልጅ ብንገጭስ?"

"አውቃለሁ።"

"አንተ ደደብ ሽማግሌ! እኔ እኮ ሰልችቼህ መስሎኝ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ መታጠቢያ ቤት ገብቼ ሳለቅስ ከርሜአለሁ።" ከዚያ በሩን ከፍታ ወረደችና ዞራ መጣች። "ውረድ። ወደዚያኛው ወንበር ሂድ።"

"ከቤት እስከ ሱቅ ካልሆነ ነድተሽ አታውቂም።"

"አንተስ ዓይን ሳይኖርህ ነድተህ የለ?"

ነዳች። መሪውን ደረቷ ላይ አስጠግታ፣ በየመታጠፊያው እየተሳደበች። እሱ የሌለ ፍሬን በእግሩ ይረግጣል፣ "ማርሽ! ማርሽ ቀይሪ!" ይላል።

"አንድ ቃል ብትደግም ከላሞቹ ጋር ነው የምተውህ" አለችው።

ሊንከን ሲደርሱ መኪናዋን አጣማ አቆመቻት፤ ማስተካከል አቃታትና ተወችው። ወደ ካቴድራሉ የሚወጣው ዳገት ሁለቱንም አስለከለካቸው። ግማሹ ላይ ሻይ ቤት ገብተው ተቀመጡ። ግሌንዳ ስልኳን አውጥታ ለልጃቸው ለኬሪ ደወለችና ለባሏ ሰጠችው። "አንተ ንገራት፤ ለኔ እንዳታሸክመኝ።"

"አባዬ፣ ምን ሆናችሁ?" አለች ኬሪ። ነገራት። እሷ ማልቀስ ስትጀምር እሱ አባበላት፣ "ደህና ነኝ፣ እናትሽ እየነዳች ነው" እያለ። "እማዬ?!" ብላ ስትጮህ ሦስቱም ሳቁ።

ካቴድራሉ ውስጥ ግሌንዳ ክንዱን ይዛ ያየችውን ልትነግረው ሞከረች፤ አልሆነላትም። "ዓምዱ... ትልቅ ነው። መስኮቱ ደግሞ ቀይም ሰማያዊም ነው። እዚያ ላይ መላእክት አሉ። አንዱ ቁርጥ እህትህን ይመስላል፣ የተኮሳተረ።"

"ይበቃል፣ ልቀመጥ" አለ። ተቀመጡ። ሰልፍ የያዙ ተማሪዎች በአጠገባቸው አለፉ። እሱ በዳር ዳሩ ብቻ ቀለሙ መሬት ላይ ሲንቀሳቀስ አየ፤ ያን ያህል ግን አየ።

ሊንከን አድረው በማግስቱ ወደ ቤት እንመለስ አላት። እሷ ስታምፎርድን ሳላይ አልመለስም አለች። ባዝ ግን ይቅር፤ ኢሊም ይቅር አለች። ስታምፎርድ በዶፍ ዝናብ ደረሱ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ የድሮዎቹ ቢጫ የድንጋይ ቤቶች በዝናቡ ውስጥ ግራጫ ሆነዋል። የትም ሳይገቡ ከመኪናው በቀጥታ ወደ ማደሪያቸው ሮጡ።

ግሌንዳ አልጋው ላይ ጋደም አለች። ካፖርቷን እንኳ አላወለቀችም። ጣቶቿ መሪ እንደጨበጡ ሁሉ ታጥፈው ቀርተው ነበር።

"ትንሽ ዓይኔን ልክደን" አለች። "ዝናቡ ሲያባራ ቀስቅሰኝ፣ ከተማውን እናያለን።"

"እሺ" አለ ክላይቭ።

ወዲያው ማንኮራፋት ጀመረች። እሱ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ እግሯን ጭኑ ላይ አደረገና የጫማዋን ክር በጣቱ እየዳሰሰ ፈልጎ ፈታላት።