ለአንድ ቃል አሥራ አንድ ዓረፍተ ነገር

ዋና አዘጋጁ ጠረጴዛዬ ላይ ያስቀመጡልኝን የመጀመሪያውን ካርድ አርሜ መለስኩላቸው። ካርዱ ላይ «በዝናብ ጃንጥላውን ሰጣት፤ እሷ ግን አጸፋውን አልመለሰችም» ይላል። እኔ ከጎኑ በእርሳስ፣ «ሰጪው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ለተማሪ ግልጽ እንዲሆን ሙያው ቢጠቀስ» ብዬ ጻፍኩበት። ካርዱን ተቀብለው አነበቡና ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን እንደሆነ አይታወቅም?»

«አዎ ጋሼ። ‹ፖስተኛው› ብንለውስ?»

«ፖስተኛው!» ብለው ሳቁ። አፋቸው ውስጥ ያለው የሚንት ከረሜላ ከጥርሳቸው ጋር ሲጋጭ ተሰማኝ። «አንቺ ልጅ፣ ገና ነሽ። በይ ያዢው፣ ሳጥንሽ ውስጥ ይቀመጥ።»

ማክሰኞ ዕለት በዝናብ ጃንጥላቸውን ያዋሱኝ እሳቸው መሆናቸው ትዝ ያለኝ ከሰዓት በኋላ፣ እጄን ስታጠብ ነው። ውኃው እየፈሰሰ ቆሜ ቀረሁ።

የምንሠራው ለሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች የሚሆን የእንግሊዝኛና የአማርኛ መዝገበ ቃላት ነበር። ክፍሉ አንድ፣ ሰዎቹ አራት ነን። ዋና አዘጋጁን ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። ጡረታ የወጡት አስተማሪ አራሚያችን ናቸው፤ እሳቸውን አባባ እንላቸዋለን። ጽሑፉን ኮምፒውተር ላይ የምትለቅመውን ልጅ ከምላሷ የተነሣ ተርቧ አልናት። እኔን ደግሞ ጭምቷ ይሉኛል፤ ከዩኒቨርሲቲ ወጥቼ የመጀመሪያ ሥራዬ ነው፤ ድምፄ ከጠረጴዛዬ አያልፍም።

እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ቃል የራሱ ካርዶች አሉት። እንግሊዝኛው ከላይ፣ አማርኛው ከሥር ይጻፋል፤ በቀኝ ጥግ የጸሐፊው ስም የመጀመሪያ ፊደል ይቀመጣል። ለአንድ ቃል ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። እኔ የያዝኩት በአር (R) ፊደል የሚጀምሩትን ቃላት ሳጥን ሲሆን ቃሉ ሪሲፕሮኬት ነበር፤ የተደረገልህን ያንኑ በሚያህል ነገር መመለስ ማለት ነው። በደብዳቤና በንግግር እንጂ መንገድ ላይ የማይሰማ ኮስታራ ቃል ነው። «አጸፋ መመለስ» ብዬ ተረጎምኩት። ሦስቱንም ምሳሌ ጻፍኩ፦ ስለ ሁለት መንግሥታት፣ ስለ ጎረቤታሞች፣ ስለ ሰላምታ። በቂ ነበር።

ጋሼ ግን አራተኛ ጨመሩ፤ ጃንጥላውን። በሦስተኛው ቀን አምስተኛ መጣ። «ጥሩ አለቃ ለሠራተኛው ያስባል፤ ጥሩ ሠራተኛም አጸፋውን ትመልሳለች።» ቀጥሎ፣ «ወንበሯን ወደ መስኮቱ አስጠጋላት፤ እሷ ለአጸፋው ፈገግታ እንኳ ሰሰተች።» ወንበሬን ወደ መስኮቱ ያስጠጉት በዚያው ሳምንት ነው። እኔ አልጠየቅኋቸውም።

ጋሼ ካርድ ከካርድ ሲለዩ አውራ ጣታቸውን ምላሳቸው ላይ ያሳርፋሉ፣ ከዚያ ካርዱን ይቆነጥጣሉ። ስለዚህ የሚደርሰኝ ካርድ ሁሉ አንድ ጥጉ እርጥብ ነው፤ ሲደርቅ ደግሞ ይጨማደዳል፣ ሚንት ሚንት ይሸታል። መጀመሪያ በጥፍሬ ጫፍ እይዘው ነበር። በኋላ በእርሳሴ ጭራ እየገፋሁ ወደ ሳጥኑ አስገባው ጀመር። ምሳዬን በማንኪያ ካልሆነ መብላት አቃተኝ።

ተርቧ አንድ ቀን ይህን አይታ ጠጋ አለችኝ። «ምራቁን የዋጠ ሰው ይባልላቸዋል አይደል?» አለችኝ ቀስ ብላ። «የታል የዋጡት? ለእኛ ነው የሚያድሉት።»

ሳቄ አመለጠኝ። ወዲያው ግን ሳቄን ቆረጥኩት፤ እሷ የምታውቀው ስለ ጣታቸው ብቻ ነውና።

ስምንተኛው ካርድ እንዲህ ይላል፦ «አንገቷ ላይ ያለችውን ጥቁር ነጥብ ሲያደንቅላት አጸፋውን በዝምታ መለሰች።» እንዲህ ያለ ነጥብ እንዳለብኝ እንኳ እኔ ረስቼው ነበር፤ ያለው ከጆሮዬ ሥር፣ ወደ ኋላ ነው። ያን ለማየት ከኋላዬ ቆሞ ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል። ከማግስቱ ጀምሮ በሙቀትም በብርድም ሻርፕ ጠመጠምኩ። ጋሼ በአጠገቤ ሲያልፉ ሻርፑን አይተው ፈገግ አሉ። ያ ፈገግታ ከካርዱ ይብስ ነበር።

ምን ልበል? ማንን ልክሰስ? አንድ ሰው ካርዶቹን ቢያያቸው ምሳሌ ናቸው፣ ሰዋስዋቸው የተስተካከለ፣ ፍቺያቸው ትክክል። የሙከራ ጊዜዬ ስድስት ወር ነው፤ አምስቱ አልቋል። ቋሚ እንድሆን የሚጽፉልኝ ደግሞ ጋሼ ናቸው። እሳቸው «አትሆንም» ካሉ በማግስቱ ወንበሬ ለሌላ ሰው ነው።

አሥራ አንደኛው ካርድ በረቡዕ መጣ። ሰዎቹ ለምሳ ወጥተዋል። ጋሼ ካርዱን ጠረጴዛዬ ላይ አድርገው በእርጥብ ጣታቸው ወደ እኔ ገፉት።

«ይቺኛዋ የመጨረሻዬ ናት። ደጋግመሽ አንብቢያት» አሉኝ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ምን ላድርግ፣ ከአፌ የሚወጣው እሱ ብቻ ነው።

ካርዱ እንዲህ ይላል፦ «ስድስተኛው ወር ሳያልቅ አጸፋውን ካልመለሰች ወንበሯ ላይ ሌላ ሰው ይቀመጥበታል።»

ማታ ቤት ስገባ ታላቅ እህቴ የልብስ ስፌት መኪናዋ ላይ ነበረች። የምኖረው ከእሷ ጋር ነው፤ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም ትሰፋለች። ከአንገቴ ሻርፑን ስፈታ አየችኝ።

«ምን ሆነሻል? ፊትሽ አመድ መስሏል።»

«አለቃዬ…» ብዬ ቆምኩ።

«ነካሽ?» መኪናዋን አላቆመችም።

«አልነካኝም።»

«ክፉ ተናገረሽ?»

«አልተናገረኝም። ምሳሌ ይጽፍልኛል።»

«ምሳሌ?» ሳቀች። «አይ የተማረ ሰው! እኔ ደንበኛዬ የወገብ ልኩን ሦስት ጊዜ ለኪኝ ይለኛል፣ አንቺ በምሳሌ ታለቅሻለሽ። ነይ እስቲ ይሄን ቁልፍ ያዢልኝ። አንድ ወር ነው የቀረሽ፤ ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው።»

ካርዶቹን በቃሌ አውቃቸዋለሁ። ቁልፉን እንደ ያዝኩ አንድ በአንድ እልላት ጀመር። ጃንጥላውን ስላት መስፋቷን ቀጠለች። የመስኮቱን ስላት እግሯ ፔዳሉ ላይ ዘገየ። የአንገቴን ስላት መኪናዋ ቆመ። የመጨረሻውን ስጨርስ በጥርሷ ይዛው የነበረውን ክር ተፋችው።

«ቆሻሻ!» አለች። «ይሄ ምሳሌ ነው? ይሄ ሰው አፉን አንቺ ላይ ነው የሚጠርገው!» ቁልፉን ከእጄ ተቀበለችና፣ «እኔ ባነበው ኖሮ አይገባኝም ነበር። ስሰማው ነው» አለችኝ።

አልጋዬ ላይ ሆኜ እኔም ይህንኑ ለራሴ ደጋገምኩት። የሚገባው ሲሰማ ነው።

ክፍላችን ግድግዳ ላይ በራሳቸው በጋሼ እጅ ጽሑፍ የተለጠፈ ደንብ አለ፦ «ጆሮ ሳይሰማው አይሰረዝም።» ከእኔ በፊት የነበረ ሠራተኛ ያልወደደውን ካርድ እያወጣ ይቀድ ነበር አሉ፣ ከእነሱ መካከል የጋሼ ምሳሌዎችም ነበሩበት። በዚያ ተናደው ነው ደንቡን ያወጡት። ሳጥን ውስጥ የገባ ካርድ አይወጣም። ሳጥኑን ከያዘው ሰው በቀር ማንም አይከፍተውም። ዓርብ ጠዋት አራታችንም ተቀምጠን ተራ የደረሳቸው ቃላት ይነበባሉ፤ አንባቢው ሳጥኑን የያዘው ሰው ነው። አባባ ስለ እያንዳንዱ ምሳሌ «የማን ነው?» ይላሉ፣ ቀጥለው «ይለፍ? ይሰረዝ?» ይላሉ። የተሰረዘው ከነጸሐፊው ስምና ከነምክንያቱ ቃለ ጉባኤ ደብተር ላይ ይገለበጣል፤ ደብተሩ ሰኞ ሰኞ ሥራ አስኪያጇ ዘንድ ይሄዳል።

የእኔን ሳጥን አምስት ወር ሙሉ ያነበበችልኝ ተርቧ ናት፣ ድምፄ አይወጣም ብዬ ለምኛት። ጋሼም የሪሲፕሮኬት ተራ የሆነው ዓርብ ሲቃረብ ያልተጨነቁት ለዚህ ይመስለኛል። እንደ እኔ ያለች ልጅ ካርዶቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ትደብቃለች፣ ወይ ሽንት ቤት ትጥላለች ብለው አስበዋል። እኔ ግን ደንቡን አክብሬ አሥራ አንዱንም ሳጥኑ ውስጥ አስገብቼያቸዋለሁ። ጭምት ሰው ደንብ እንደሚያከብር እንዴት ጠፋቸው?

ዓርብ ጠዋት ተርቧ እንደ ልማዷ ሳጥኑን ልትወስድ እጇን ዘረጋች።

«ዛሬ እኔ አነባለሁ» አልኩ።

«ጭምቷ ተናገረች! እሰይ! መስኮቱን ዝጉ፣ በረዶ ሊዘንብ ነው።»

«ተያት» አሉ አባባ መነጽራቸውን እየጠረጉ። «ቀጥይ ልጄ።»

ሪሲፕየንት የሚለው ቃል አለፈ። ድምፄ እንደ ቀጭን ክር ነበር፣ ግን አልተበጠሰም። ከዚያ ሪሲፕሮኬት ደረሰ። የእኔን ሦስቱን አነበብኩ፤ ሁለቱ አለፉ፣ ጎረቤታሞቹ ተሰረዙ። ጋሼ አዲስ ከረሜላ ሲልጡ ወረቀቱ ተንኮሻኮሸ። አራተኛውን አወጣሁ።

«‹በዝናብ ጃንጥላውን ሰጣት፤ እሷ ግን አጸፋውን አልመለሰችም።›»

ወረቀቱ ዝም አለ።

«የማን ነው?» አሉ አባባ።

«የጋሼ።»

«እሱ ረቂቅ ነው፣ ይቅር፣ እለፊው» አሉ ጋሼ።

አባባ ግድግዳውን በጣታቸው አሳዩ። «ጆሮ ሳይሰማው አይሰረዝም። ቀጥይ።»

ቀጠልኩ። የጥሩ አለቃውን ሳነብ ተርቧ ልትቀልድ ከፍታ የነበረችውን አፏን ዘጋች። የመስኮቱን ሳነብ ወንበሬን አየች። ወደ አንገቴ ስደርስ ሻርፔን አየች፣ ከዚያ ጋሼን፣ ከዚያ ወንበሯን ከእሳቸው አጠገብ ሳብ አድርጋ አራቀች። ወለሉ ላይ የተሳበው የወንበር እግር ድምፅ ረጅም ነበር። ጋሼ አውራ ጣታቸውን ወደ አፋቸው አንሥተው ነበር፤ አጋማሽ ላይ ቀረ። የካርዶቹ ጥግ እየተጨማደደ ስለ ነበር ለመያዝ አስቸገሩኝ፤ ቢሆንም በእጄ ያዝኳቸው።

አሥራ አንደኛውን አነበብኩ። «የማን ነው?» ያለ ሰው አልነበረም።

«ምሳሌ እኮ ነው!» አሉ ጋሼ። «ምን ሆናችኋል? ቃሉ ስሜት የሚነካ ቃል ነው፣ ተማሪ እንዲይዘው ብዬ…»

አባባ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «አርባ ዓመት የተማሪ ድርሰት አርሜያለሁ» አሉ። «ለአንድ ቃል ሦስት ይበቃል ያልከው አንተ ነህ። ሌሎቹን ቃላት ሁሉ በሦስት አሳልፈሃል። ለዚህኛው ስምንት የጨመርከው ማን ስላልያዘልህ ነው?»

«እርስዎም እንደዚህ? ይቺ ልጅ ስሜን ልታጠፋ ነው የመጣችው! ለብቻ ልትነግረኝ አትችልም ነበር? ሰው ፊት ታዋርደኛለች!»

«ጅራፍ ራሱ ገርፎ ራሱ ይጮኻል» አለች ተርቧ። ይህን ስትል አልሳቀችም። ደብተሩን ወደ ራሷ ስባ ብዕሯን ከፈተች። «ስምንቱም ይሰረዙ?»

«ይሰረዙ» አሉ አባባ።

ቃል በቃል ገለበጠቻቸው። ሩብ ሰዓት ያህል ፈጀባት፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ጋሼ ከረሜላውን መጣል አፍረው እየመጠጡ ነበር። ያን ድምፅ እስካሁን አልረሳሁትም። ስትጨርስ የምክንያቱ ረድፍ ላይ ቆመች።

«ምክንያት?» ብላ ወደ እኔ ዞረች።

ካርዶቹን አስተካክዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። 

«ለተማሪ አይሆኑም» አልኩ።

ጻፈችው። አባባ ፈረሙ፣ እሷ ፈረመች፣ እኔም ፈረምኩ። ጋሼ ሳይፈርሙ ወጡ። እኔ እጄን በሳሙና ሁለት ጊዜ ታጠብኩ።

ሰኞ ሥራ አስኪያጇ አስጠሩኝ። ደብተሩ ፊታቸው ተከፍቶ ነበር። ገጹን በአንድ ጣት ገፋ አድርገው፣ ሳህን ላይ ፀጉር እንዳገኘ ሰው ያዩታል።

«ለምን ቀድመሽ ለእኔ አልነገርሽኝም?» አሉ።

«ብነግርዎ ምን እላለሁ?» አልኳቸው። «አልነካኝም፣ አልሰደበኝም፣ ምሳሌ ጻፈልኝ ልበል?»

 ደብተሩን ዘጉ፣ ከዚያ ከመሳቢያቸው እርጥብ መጥረጊያ ወረቀት አውጥተው ጣቶቻቸውን አንድ በአንድ ጠረጉ።

ጋሼ አልተባረሩም። ከነማዕረጋቸው ወደ ታችኛው ፎቅ፣ ወደ ካርታና አትላስ ክፍል ተዛወሩ፤ ጠረጴዛቸውን ሁለት ሠራተኞች ተሸክመው ወሰዱት። ደንቡ ግድግዳው ላይ ቀረ። የቋሚ ቅጥር ደብዳቤዬን ሥራ አስኪያጇ ራሳቸው ፈርመው ሐሙስ ሰጡኝ። ሪሲፕሮኬት ከሁለት ምሳሌ ጋር ወደ ማተሚያ ቤት ሄደ። በማግስቱ፣ ዓርብ ጠዋት፣ ሻርፔን ቤት ትቼ መጣሁና ቀጣዩን ቃል ላነብ ሳጥኔን ከፈትኩ።