ባላምባራስ ለቆርቆሮ አላደገድግም አሉ

እኔን የሚያንገበግበኝ የመኪናው መገልበጥ አይደለም። መኪና ይገለበጣል፤ ከሲሬ ወደ ነቀምቴ በሐምሌ ጭቃ የነዳ ያውቀዋል። እኔን የሚያንገበግበኝ ባሌ ተረፋ ቀበቶ በመታጠቁ መታሰሩ ነው። አዎ፣ በመታጠቁ! እንዲህ ያለ ክስ የት አገር ተሰምቶ ያውቃል?

ተረፋ የባላምባራስ ዓምደሚካኤል መሥሪያ ቤት ሾፌር ነው። ዘንድሮ የመጣችው አዲሷ መኪና በየወንበሩ ቀበቶ አላት። ገና በመጀመሪያው ቀን፣ "ጌታዬ፣ ይሄን ይታጠቁ፤ ፍሬን ሲያዝ ከመስታወቱ ጋር እንዳይላተሙ" አላቸው። ባላምባራስ ሳቁበት። "ወገቡን አስሮ የሚያደገድግ ሎሌ ነው! እኔ ለቆርቆሮ ላደገድግ?" አሉ። እሱ ሲታጠቅ ግን ደስ ይላቸው ነበር። ጌታው ፊት ነጠላውን ወገቡ ላይ አስሮ እንደሚቆም አሽከር፣ ለሳቸው ክብር ያደረገው መስሏቸው ነዋ! ወይ ጉድ!

ሚስታቸው እሜቴ ሸዋጌጥ ከኋላ ነው የሚቀመጡት፤ ነፍሰ ጡር ናቸው። ያን ቀን ሲሬ ለቅሶ ደርሰው ሲመለሱ፣ ባላምባራስ ገና ሰው እየተሰናበቱ ሳለ ተረፋ ዞር ብሎ፣ "እሜቴ፣ ቀበቶውን ሆድዎ ላይ አያድርጉት። ከሆድዎ በታች፣ ዳሌዎ ላይ ዝቅ አድርገው ጠበቅ ያድርጉት፤ ደግሞ እንዳይጠማዘዝ" አላቸው። ታጠቁና ጋቢያቸውን ደረቡበት። ባላቸው አላዩም።

መንገድ ላይ ከብት ገባባቸው። ተረፋ ፍሬን ሲይዝ መኪናዋ ተንሸራታ ቦይ ውስጥ በጎኗ ተኛች። የባላምባራስ ግንባር ተተረተረ፣ ክንዳቸው ተሰበረ፤ ራሳቸውን ሳቱ። ሲነቁ ሚስታቸው ቀበቶውን ፈትተው ወርደዋል። ተረፋም ጭረት እንኳ የለበትም። ሰውየው የሚስታቸውን መትረፍ ለታቦቱ ሰጡ፤ የባሌን መትረፍ ለተንኮል!

"እንደሚገለብጠኝ ባያውቅ ኖሮ አስቀድሞ ራሱን ለምን ታጠቀ?" ብለው ከሰሱት። ያ ዋቃዮ፣ አምላኬ ሆይ! ፖሊሱም ሰማና በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ፤ ባሌን ወሰደው።

እኔ ዝም ብዬ ልቀመጥ? ቤታቸው ሄድኩ። "እሜቴ፣ እውነቱን የሚያውቁት እርስዎ ብቻ ነዎት" አልኳቸው።

"ቀለሟ፣ ተደብቄ መታጠቄን ካወቀ ያባርረኛል" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "እናት አባቴ ሞተዋል። ይሄን ሆድ ይዤ የት እገባለሁ?"

"የኔስ ባል? እውነት ተናግሮ ይበስብስ?" ከንዴት እንባዬ መጣ። ትቻቸው ወጣሁ።

የፍርዱ ቀን ባላምባራስ ግንባራቸውን ጠምጥመው ፊት ተቀመጡ። ዳኛው ተረፋን፣ "ለምን ታጠቅህ?" አሉት።

"እንዳልሞት ነዋ፣ ጌታዬ።"

"ጌታህ ግን ይሙት ብለህ?" አሉ ዳኛው፤ ሰው ሳቀ። ሳቀ! እኔ ልጮህ አፌን ስከፍት ከኋላ ሌላ ድምፅ ቀደመኝ።

"በንጉሥ አምላክ!" እሜቴ ሸዋጌጥ ናቸው። ሆዳቸውን ይዘው ወደ ፊት መጡ። "እኔም ታጥቄ ነበር! አስተጣጠቁን ያሳየኝም እሱ ነው። ሊገድል ያሰበ ሰው መትረፊያውን ያሳያል? ለምኗቸው እምቢ ያሉት ባላምባራስ ናቸው። መታጠቅ ወንጀል ከሆነ እኔንም እሰሩኝ፤ ሆዴ ውስጥ ያለውም አብሮን አሲሯል!"

የሚስቅ ጠፋ። ዳኛው ወደ ባላምባራስ ዞረው፣ "እውነት ታጠቁ ብሎ ለምኖዎት ነበር?" አሏቸው። ባላምባራስ "ለቆርቆሮ..." ብለው ጀመሩና ዋጡት። ተረፋ በነፃ ተለቀቀ።

ደጅ እንደወጣን ግን ባላምባራስ ሚስታቸውን ሰው ሁሉ እየሰማ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ቤቴን እንዳትረግጪ!" አሏቸው። የዳነላቸው ልጅ ትዝ አላላቸውም። የተዋረደች ኩራታቸው በለጠችባቸው። እንዲህ ያለ ሰው ነው ባላምባራስ የሚባለው!

እሜቴ ጋቢያቸውን ሰብስበው ወደኔ መጡ። "አዴ ቀለሟ፣ ለዛሬ ብቻ ማደሪያ ይኖርሽ ይሆን?"

አንቱታው ከአፌ ጠፋ። ባላምባራስ እየሰሙ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ "ምን ማለትሽ ነው እህቴ? ነይ፣ ወደ ቤትሽ እንሂድ!" አልኳት።